እናቴ በረካዋን ይዛ ስታስብ ሳልረብሻት እንዴት ፎቶ ላንሳት?

የጀሞዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እማዬ እሁድ እሁድ ቡና ታፈላለች። ካዛንቺስ እያለን ቤታችን ጎረቤት ጠፍቶበት አያውቅም። አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። የፎቁ ሰዎች ጥሩ ናቸው፣ ግን አቦልና ቶና ጠጥተው ይወጣሉ። በረካ ለእኔና ለእሷ ብቻ ይቀራል። እኔም የእኔን ጨለጥ አድርጌ ዕቃ ላጥብ ብዬ ኩሽና እገባለሁ።

ያኔ ብቻዋን ትሆናለች። በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ቡናውን አትጠጣውም። ከማጨሻው ቀጭን ጭስ ይወጣል። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ አስር ደቂቃ እንዲህ ትቆያለች። አዝናለች እንዳልል አላዘነችም። ደስ ብሏታልም አልልም። ሌላ ጊዜ የማላየው ፊት ነው።

ያንን ፊት ማስቀረት እፈልጋለሁ። ሦስት ወር ሞከርኩ። ገና ስልኬን ሳነሳ ታውቅብኛለች። ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ቀና ትላለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ «በይ አንሺኝ» ትለኛለች። ያ ፊት በቃ ሄደ።

አንድ ቀን ከኩሽናው በር ተደብቄ አነሳኋት። ከዚያ በኩል መስኮቱ ከኋላዋ ነው የሚሆነው። ፊቷ ጥቁር ጥላ ሆነ፣ የነጠላዋ ጫፍ በብርሃኑ ተበላ፣ ጭሱ ጭራሽ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ሌባ ሌባ መሰለኝ። ያ ሰዓት የእሷ ብቻ ነው።

ስልኬ ተራ ሳምሰንግ ነው፣ ካሜራ የለኝም። ብርሃኑንስ እንዴት ላድርገው? ደግሞስ፣ ሳላስፈቅዳት ማንሳት ተገቢ ነው?

ብርሃን ፈላጊ

እህቴ፣ ስለ ብርሃኑ ልመልስልሽ። ሠርግ ነው የማነሳው፤ ከነጭ ልብስና ከመስኮት ጋር ስታገል ነው የምውለው።

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚሞክረው። ደማቅ መስኮት ሲያይ ሁሉን ነገር ያጨልማል። ፊቷ የጠቆረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቦታሽን ቀይሪ። መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ጥግ ላይ ሁኚ፣ ብርሃኑ ከአንቺ ጎን ወደ እሷ ይሂድ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ንኪና በሚወጣው መስመር ብርሃኑን ትንሽ ቀንሺው። ነጠላው ጥለቱ እስኪታይ ድረስ ብቻ።

ጭስ የሚታየው ከጎን ወይም ከኋላ ብርሃን ሲያገኘውና ከጀርባው ጨለማ ሲኖር ነው። ከኋላዋ የመኝታ ቤት በር ካለ ክፈቺው፣ የውስጡን መጋረጃ ግን ዝጊ። ያ ጨለማ በር ጭሱን ያወጣልሻል።

ፍላሽ በፍጹም። ጀርባውን የሚያደበዝዘውንም አትጠቀሚ፣ ጭሱንና የነጠላውን ጫፍ ይቆርጥብሻል። የካሜራውን ድምፅም አጥፊ። በጣም አትጠጊያት፤ ሰፊው ሌንስ ቅርብ ሲሆን ፊት ያዛባል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከእኔ አቅም በላይ ነው።

የፒያሳ ፎቶ ቤት

ልጄ፣ እኔ በ1970ዎቹ ፒያሳ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልንገርሽ።

በእኛ ጊዜ ፎቶ መነሳት የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር። ሰው የክት ልብሱን ለብሶ ይመጣል። ጥግ ላይ መስተዋትና ማበጠሪያ ነበረን። ከኋላ አበባ የተሳለበት መጋረጃ። ካሜራችን በአንድ ጥቅል ፊልም 12 ፎቶ ብቻ ነበር የሚያወጣው፣ ስለዚህ አንዷም እንድትባክን አንፈልግም። «አገጭዎን ዝቅ፣ ትከሻዎን ቀና፣ አይተንፍሱ» እንል ነበር። ማታ ኔጌቲቩ ላይ በሹል እርሳስ የፊቱን ምልክት እናስተካክላለን። ያ ፎቶ ክፍለ ሀገር ላለ ዘመድ ይላካል፣ ወይ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሰው ሲሞትም ያው ነው ወጥቶ የሚያዘው።

እናትሽ ነጠላዋን የምታስተካክለው ልትደብቅሽ ብላ አይመስለኝም። ለፎቶ የሚገባውን ክብር መስጠቷ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሷ የምትፈልገውን ፎቶ አንሺላት። ቀና ብላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። አሳጥበሽ ስጫት። ከዚያ በኋላ ወንበርሽን መስኮቱ ጥግ አድርጊና ሁለት ሦስት እሁድ ዝም ብለሽ አብረሻት ተቀመጪ። ዕቃው ይቆይ። ስልኩ ጭንሽ ላይ ይሁን። ሰው የሚሸሸው ካሜራውን አይደለም፣ ድንገተኛውን ነገር ነው።

ሰገነት

ቤይሩት ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ ሁሉም ሲተኛ በረንዳ ላይ እወጣ ነበር። የራሴን ፊት ማንሳት አልወድም ነበር፣ እንዳለቀስኩ ያውቁብኛል ብዬ። ስለዚህ ወንበሩን፣ የሻይ ብርጭቆዬን፣ ከታች የሚታየውን የመንገድ መብራት አነሳለሁ። ለእናቴ ስልክላት «ደህና አይደለሽም እንዴ?» ብላ ደወለች። ሰው የሌለበት ፎቶ ነው እኮ!

እናትሽ ተነስታ ስትሄድ በርጩማዋንና ስኒዋን አንሺው። ፊት የግድ አይደለም።

አንባቢ

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ አታንሺያት ባይ ነኝ። አጠገቧ ቁጭ በይ። ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ መግባት የለበትም።

የጀሞዋ ልጅ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ከአምስት እሁድ በኋላ ተመልሻለሁ።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አነሳኋት። ትልቅ አድርጌ አሳጥቤ ሰጠኋት። ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅላዋለች። ለመጣ ሰው ሁሉ «ልጄ ናት ያነሳችኝ» ትላለች። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ያንን ፎቶ ስንቀው ነበር የኖርኩት። አሁን ሳየው እሷው ናት።

አንባቢ፣ ያልከው አሳስቦኝ ነበር። ሁለቱን እሁድ ስልኬን መኝታ ቤት ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው እሁድ «እማዬ፣ ምን እያሰብሽ ነው?» አልኳት። ቶሎ አልመለሰችም። ከዚያ የካዛንቺሱን ቤት አቀማመጥ ነገረችኝ። በሩ አጠገብ ማን ይቀመጥ እንደነበር፣ ማን ስኳር እንደሚያበዛ፣ ማን ቡናው ቀጠነ ብላ እንደምታኮርፍ። በየሳምንቱ ተራ በተራ ታስቀምጣቸዋለች። ሁሉም ተቀምጠው ሲያልቁ ነው ስኒዋን የምታወርደው። ለካ እኔ ዕቃ ሳጥብ ቤቱ ሙሉ ነበር!

በአራተኛው እሁድ «እዚህ ጥግ ሆኜ ባነሳሽ ይከፋሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ዝም ካልሽ አንሺ» አለችኝ። የመኝታ ቤቱን በር ከፈትኩ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ድምፁን አጠፋሁ። መጀመሪያ ነጠላዋን ነካ አደረገች። ከዚያ ረሳችኝ። አራት ጊዜ ብቻ አነሳሁ።

ሦስተኛው ላይ አለች። ጭሱ ከጨለማው በር ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ላይ ይታጠፋል። ስኒው ደረቷ ድረስ ከፍ ብሏል። ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቷል፣ የሆነ ሰው ስም ልትጠራ እንደሆነ ነገር። የነጠላው ጥለት ክር በክር ይታያል። ብርሃን ፈላጊ፣ እጅህ ይባረክ።

ሳሳያት ስልኩን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ብዙ አየችው። «ይቺኛዋን ለሰው እንዳትልኪ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለእኔ ግን አሳጥቢልኝ፣ ትንሽ አድርገሽ» አለች። መጽሐፏ ውስጥ ልታስቀምጣት ነው። ስለዚህ እዚህ አልለጥፈውም፣ አትቀየሙኝ።

ሰገነት፣ የበርጩማውንም አንስቼዋለሁ። እሱን በውስጥ መስመር ልልክልሽ እችላለሁ፣ ፈቅዳለች።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅና ላብቃ፦ ለእንዲህ ዓይነት ጭስ ላለበት ፎቶ የሚያብለጨልጨው ወረቀት ይሻላል ወይስ ማቱ፣ የማያብለጨልጨው?