ባትሪው ይህን ጭነት ይችላል?
የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የያዝኩት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሜካኒካል ነው፤ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ስለሌለው ቁልፉን ስጫን የባትሪው ኃይል በቀጥታ ወደ ማሞቂያው ሽቦ ይሄዳል። ሽቦው 0.2 ኦም ነው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ስላለው፣ በ0.2 ሳካፍለው 21 አምፔር ይመጣል። ባትሪዬ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚችለው 20 አምፔር ብቻ ነው። ጓደኛዬ «አንድ አምፔር ምን አላት!» ይለኛል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሽቦውን በ0.3 ኦም ብተካው 14 አምፔር ይሆናል፤ ይህ ይበቃል?

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው፦ በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ዙሪያ የላስቲክ ሽፋኑ የጥፍር ያህል ተልጦ ብረቱ ይታያል። የመሣሪያው አካል ራሱ ብረት ነውና እዚያ ቢነካካ አጭር ዙር (ሾርት) ሊፈጠር ይችላል ብዬ ባትሪውን አውጥቼዋለሁ። አዲስ ሽፋን ማልበስ ይበቃል ወይስ ይወገድ?