ለረዳት ተመራማሪ ቅጥር የጋራ መመዘኛ፦ በረቂቅ ሁለት ላይ የዕቅድ ውይይት

አወያይ፦ እስካሁን የተስማማነው ይህ ነው። ለጀማሪ ረዳት ተመራማሪ በሕክምና ላቦራቶሪ፣ በባዮሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪ ወይም በባዮቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል። የሙያ ፈቃድ የሚጠየቀው ለታካሚ የሚሰጥ ውጤት ከሚሠራና ከሚፈርም ሰው ብቻ ነው። ያልቋጨነው «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚለውን ነው። ይቅር ወይስ ይቆይ?

ሴል ላቦራቶሪ፦ ይቅር። ሁለት ዓመት ቱቦ ላይ ኮድ ሲለጥፍ የኖረም ልምድ አለው ይባላል። በምትኩ የተግባር ፈተና ይግባ። አንደኛ ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚያነሣ መሣሪያ)፦ 100 ማይክሮሊትር የተጣራ ውኃ አሥር ጊዜ፣ እስከ 0.1 ሚሊግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ። እያንዳንዱ ወደ 100 ሚሊግራም መምጣት አለበት። ቁጥሮቹ ከተበታተኑ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው፤ ሁሉም ከ100 በአንድ ልክ ዝቅ ካሉ ግን ፒፔቱን ጠርጥሩ። ስለዚህ ፈታኙ አስቀድሞ በዚያው ፒፔት ይመዝን። ሁለተኛ የሴል ቆጠራ፦ በመቁጠሪያው መስታወት (ሄሞሳይቶሜትር) የአራቱ ማዕዘን ካሬዎች አማካይ 40፣ ናሙናው የሞቱ ሴሎችን ከሚያቀልመው ትራይፓን ብሉ ጋር እኩል ለእኩል ከተቀላቀለ መልሱ በሚሊሊትር 800,000 ነው (40 × 2 × 10,000)። 400,000 ያለ ማቅጠኑን ዘንግቷል።

ሞለኪውላር ክፍል፦ ሴንትሪፉጅም (ናሙናን በማሽከርከር የሚለይ ማሽን) ይጨመር። ፕሮቶኮሉ 400 ጂ (የመሬት ስበት 400 እጥፍ) ይላል፣ መሣሪያው የሚያሳየው አርፒኤም (በደቂቃ የዙር ብዛት) ነው። የሮተሩ (ቱቦዎቹን ይዞ የሚሽከረከረው ክፍል) ራዲየስ 17 ሴንቲሜትር ከሆነ ወደ 1,450፣ 10 ከሆነ ወደ 1,890 ይመጣል። ራዲየሱን ሳይጠይቅ ቁጥር የሚሞላ ሰው ስሌቱን አያውቀውም። በፊኮል (ሴሎችን በእፍጋታቸው በሚለይ ፈሳሽ) የደም ሴል ሲለይ ብሬኩን ማጥፋቱም ይታይ፤ ካልጠፋ ማሽኑ ሲቆም ንብርብሩ ይናጋል፣ የተለየው ሴል ተመልሶ ይቀላቀላል።

ባዮሴፍቲ፦ ለደጋ ከተሞቻችን አንድ ጥያቄ ላክል። የኦቶክሌቩ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ጌጅ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ካሳየ 121 ዲግሪ ደርሷል? በባሕር ወለል ላይ አዎ። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የውጭው አየር ግፊት ስለሚያንስ በ15 የሚገኘው 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ከ18 እስከ 19 መሆን አለበት። «ቴርሞሜትሩን አያለሁ፣ ባዮሎጂካል ኢንዲኬተር (ጀርም መሞቱን የሚያሳይ መፈተኛ) አስገባለሁ» ያለ ሙሉ ነጥብ ያግኝ።

ሌላው፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከመመዘኛው ይውጣ። ሦስቱ ዶዝ በተለመደው መርሐ ግብር ስድስት ወር ይፈጃሉ፤ ይህን ሥራ ከሚፈልግ ወጣት መጠየቅ አግባብ አይደለም። አሠሪው በመጀመሪያው ሳምንት ያስጀምረው፣ ወጪውንም ይሸፍን።

ጥራት ክፍል፦ እስማማለሁ። የመዝገብ አያያዝም ይፈተን፦ ስሕተት በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ፊርማና ቀን ይታከላል፤ ማጥፊያ ቀለም የተጠቀመ ይወድቃል። ማስተርስ ያለውን ከፈተናው ነፃ እናድርግ የሚለውን ግን እቃወማለሁ፤ ፒፔት ወረቀት አያይም።

አወያይ፦ ተመዝግቧል። የሴል ክፍል የሌላቸው ኮሌጆች ቆጠራውን በታተመ የማይክሮስኮፕ ፎቶ ይፈትኑ። ሞለኪውላር ክፍል የሴንትሪፉጁን ጥያቄ ከነመልሱ፣ ባዮሴፍቲ የኦቶክሌቩን እስከ ዓርብ ይላኩልኝ።