ፎርኬ ቲቪ ላይ የዲሽ ቻናሎች ለምን ይደበዝዛሉ?

ጠያቂ፦
ባለ 55 ኢንች ፎርኬ ቲቪ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር በኤቪ ገመድ (ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ) ተገናኝቷል። ዩቲዩብ ጥርት ብሎ ይታያል። የዲሽ ቻናሎች ግን ከድሮው ባለ 32 ኢንች ብሰው ደብዝዘዋል፣ የሰው ፊትም ወደ ጎን ይለጠጣል። ችግሩ የቲቪው ነው የሪሲቨሩ?

ቢኒ_ዲሽ፦
ቲቪው ምንም አልሆነም ወንድሜ። ኤቪውን ነቅለህ ኤችዲኤምአይ ሰካ። በቢጫው ገመድ ከሆነ ሪሲቨሩ ኤችዲ (ከፍተኛ ጥራት) ቻናል ቢይዝ እንኳ ወደ ኤስዲ (መደበኛ ጥራት) አውርዶ፣ ቀለሙንና ብርሃኑን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ነው የሚልከው። ኤስዲ 720 በ576 ፒክስል ነው፣ ፎርኬ ደግሞ 3840 በ2160። አባዝተህ ብታካፍለው ልክ 20 እጥፍ ይመጣል። ቲቪው አንድ ፒክስል ተቀብሎ የቀሩትን 19 ከአጠገባቸው ገምቶ ይሞላል ማለት ነው። ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ግምቱ ይጎላል፤ 32ቱ ላይ ያልታየህ ለዚህ ነው።

ከሰካህ በኋላ ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ቪዲዮ ሬዞሉሽኑን (የምስሉን የፒክስል መጠን) 1080ፒ፣ ማለትም ሙሉ ኤችዲ አድርገው። ስክሪኑ ከጠቆረ ብዙ ሪሞቶች ላይ «ቪ ፎርማት» የሚል ቁልፍ አለ፤ ምስሉ እስኪመለስ ደጋግመህ ተጫነው።

ሄለን፦
ቢኒ ልክ ነው፤ ግን 1080ፒ ስለተመረጠ ብቻ ኤስዲ ቻናል ኤችዲ አይሆንም። ቻናሉ ላይ ሆነህ «ኢንፎ» ስትጫን ብዙ ሪሲቨሮች የምንጩን መጠን ያሳያሉ። 720 በ576 ካለ ቻናሉ ራሱ ኤስዲ ነው። ሪሲቨሩ ዲቪቢ ኤስ2 እና ኤምፔግ 4 (ኤችዲ ቻናሎች በሳተላይት የሚላኩበትና የሚጨመቁበት ስልት) የማያነብ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ኤችዲዎቹ ሰርች ሲደረግ አይገኙም፣ ወይም ድምፅ ብቻ ይሰጣሉ። እዚያ ላይ ገመድ መቀየር አያድንም።

የፊቱ መለጠጥ 4:3 (ጠበብ ያለው የድሮ ቅርጽ) ምስል 16:9 (ሰፊ) ስክሪን ላይ ተስቦ ነው። ሪሲቨሩን 16:9፣ የምስል ቅርጽ ቅየራውን «ፒላርቦክስ» አድርግ፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ይቀራል፣ ፊቱ ግን ልኩን ይይዛል። የቲቪውን ሻርፕነስም (የምስል ጠርዝ ማጉያውን) ቀንስ። ኤስዲ ላይ ሲጨመር የሚያጎላው ምስሉ ለስርጭት ሲጨመቅ የመጡትን አራት ማዕዘን እድፎች ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ገመዱ «ፎርኬ» የሚለው ውዱ መሆን አለበት?

ቢኒ_ዲሽ፦
የለበትም፣ ገንዘብህን አታውጣ። ለ1080ፒ ተራው ይበቃል። በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፈው ገመድ የሚፈለገው ፎርኬን በሰከንድ በ60 ፍሬም (ምስል) ለሚልክ ዕቃ ነው። አቀማመጥህንም ተመልከት፦ 55 ኢንች ላይ የ1080ፒ ፒክስል ከዓይን የሚሰወረው ወደ 2.2 ሜትር ስትርቅ ነው፤ ለኤስዲ ግን 4 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል።