ክሎንዳይክ፦ ያስመዘገበ ሁሉ አገኘ ይባላል?

ቀበና፦ ካናዳ ዩኮን ውስጥ ስላለው የወርቅ አገር ስለ ክሎንዳይክ ትናንት እዚሁ የተለጠፈውን አነበባችሁ? «ዩኮን ላይ ወርቁን ያገኘው ጆርጅ ካርማክ ነው፤ ሁለት የአገሬው ተወላጅ ረዳቶች ነበሩት» ይላል። እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንባለው? «ረዳቶች» ከተባሉት ሁለቱ ስኩከም ጂም የካርማክ ሚስት የኬት ወንድም ነው። ዳውሰን ቻርሊ ደግሞ የእህታቸው ልጅ። ወንዙን ይዘው የወረዱት ኬት ጠፍታባቸው ሊፈልጓት ነው። እህቱን ፍለጋ የመጣ ሰው በምን ሒሳብ ረዳት ይሆናል?

አራት ኪሎ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሜን ብትጠራ ምን ነበረበት? ነገሩ ቀላል ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1896 ፎርቲማይል ወደሚባለው የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር ወርዶ የግኝቱን ቦታ፣ ማለት ወርቁ መጀመሪያ የታየበትን የቁፋሮ ይዞታ፣ በስሙ ያስመዘገበው ካርማክ ነው። ያስመዘገበ አገኘ። አለቀ።

እቴቴ፦ «ያስመዘገበ አገኘ»! ካርታ ያወጣ ሁሉ ቤቱን ሠራ በለና። እንደሱማ ከሆነ እኛ ሰፈር ስንቱ ግንበኛ ሆኗል።

የካልጋሪው፦ ካናዳ ስለምኖር ትንሽ ልበል። በነጂም ወገን የሚነገረው ሌላ ነው። ካርማክ ዛፍ ሥር ተኝቷል፤ ወርቁን ያየው ጂም ነው። ካርማክ ደግሞ እኔ ነኝ ያየሁት እንዳለ ሞተ።

አራት ኪሎ፦ ካልጋሪ ሆነህ የዩኮን ጅረት ይታይሃል ማለት ነው?

የካልጋሪው፦ ከአራት ኪሎ ይሻላል።

መምህር፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። ካርማክ ለጂም የሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው። «የግኝቱን ቦታ በተወላጅ ስም አይቀበሉንም» ነው ያለው። በዚያ ዘመን ያለ ምክንያት የመጣ ስጋት አይደለም።

ቀበና፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱ ላይ ነው የማልስማማው። አግኚው ሁለት ቦታ ይሰጠዋል፤ ሌላው ሰው አንድ። ካርማክ የግኝቱን ቦታና በጅረቱ ቁልቁል ከሥሩ ያለውን ያዘ። ጂም ከላይ አንደኛውን፣ ቻርሊ ከታች ሁለተኛውን ያዙ። የነሱም ተመዘገበ! ተወላጅ አይመዘገብም ከተባለ የጂም እንዴት አለፈ? ልዩነቷ ያቺ አንዲት ትርፍ ቦታ ነች፤ 500 ጫማ ሙሉ።

መምህር፦ ተራ ቦታና የግኝት ቦታ አንድ አይደሉም። ክርክር ቢነሳ የሚነሳው በግኝቱ ላይ ነው።

እቴቴ፦ አማች አዛኝ!

አራት ኪሎ፦ ጥያቄዬ አልተመለሰም። ያስመዘገበው ማን ነው?

የካልጋሪው፦ ፎርቲማይል ካነሳህ አይቀር ጨርሰው እንጂ። እዚያ ሰውዬውን «ውሸታሙ ጆርጅ» ነበር የሚሉት። መጠጥ ቤት ገብቶ ወርቅ አገኘሁ ሲል ማንም ጆሮ አልሰጠውም። ከጥይት ቀለህ ውስጥ ወርቁን ሚዛን ላይ ሲያፈሰው ግን ዝም አሉ። የዚያ ሰፈር ቆፋሪ ወርቁን በዓይኑ አይቶ ከየትኛው ጅረት እንደመጣ ይለያል። ይሄኛው አንዱንም አልመሰለም። የታመነው ወርቁ ነው፣ ሰውዬው አይደለም። ከዚያ ፎርቲማይል ጭር አለች።

ሚዛን፦ ሁላችሁም ወርቅ ፈላጊውን ሮበርት ሄንደርሰንን ዘለላችሁት። በዚያ አካባቢ ቀድሞ ሲቆፍር የነበረው እሱ ነው። ለካርማክም ስለ ቦታው የነገረው እሱ። ካርማክ ጥሩ ካገኘሁ እልክብሃለሁ ብሎ ጭጭ አለ። ሄንደርሰን ሲሰማ ወርቁ የተገኘበት ቦናንዛ ጅረት ተይዞ አልቋል።

እቴቴ፦ ለምን እንዳልላከበትም ንገራቸዋ። ጂምና ቻርሊ ትምባሆ ግዛን ሲሉት ለእናንተ አልሸጥም አለ። ቀድሞም ለካርማክ አንተ ና፣ እነሱን ግን እዚህ አልፈልግም ብሎታል። በትምባሆ ክሎንዳይክን የከሰረ ሰው!

ሚዛን፦ በክፉ ቃል የሰው ድካም አይወረስም። መንግሥትም አምኖበት በወር 200 ዶላር ጡረታ ቆርጦለታል።

አራት ኪሎ፦ ጂም ቢሆን ቀድሞ ተሸካሚ አልነበረም እንዴ?

ቀበና፦ ነበር። በቺልኩት መተላለፊያ 70 ኪሎ ገደማ የአሳማ ሥጋ ይዞ አቀበቱን የወጣ ሰው ነው። አንተ እስቲ ውሃህን ይዘህ እንጦጦን ውጣ።

አራት ኪሎ፦ ተሸካሚ መሆኑን በራስህ አፍ አመጣኸው፤ አመሰግናለሁ።

ሸዋዬ፦ ዘመኑን ልብ ብላችኋል? ከአድዋ ገና አምስት ወር ተኩል ነው! እኛ ጣሊያንን ስናባርር፣ እነሱ እዚያ...

የካልጋሪው፦ አድዋን እዚህ ምን አመጣት በእናትሽ?

ሸዋዬ፦ አድዋ የማትመጣበት ቦታ የለም።

መምህር፦ እኔን የሚያሳዝኑኝ በዚህ ሁሉ ስማቸው ያልተነሳው ናቸው። በክሎንዳይክ ወንዝ አፍ ላይ ሳልሞን ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት፣ ሃን የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች። ወርቅ ፈላጊው ማጥመጃቸው ላይ ሰፈረ። አለቃቸው አይዛክ ሕዝቡን ይዞ ሙስሃይድ ወደሚባል ቦታ ወረደ። ፖርትላንድ የተባለችው መርከብ ወርቅ ጭና ሲያትል የገባችው ሐምሌ 1897 ነው። ያኔ እኮ ጥሩ ጥሩው ቦታ ሁሉ ተይዟል። ከዚያ በኋላ ወደ 100 ሺህ ሰው ነቅሎ ተነሳ።

ሚዛን፦ ይሄ ሌላ ርዕስ ነው መምህር፤ እኛ ስለ ሄንደርሰን ነው።

እቴቴ፦ አንተ ነህ ስለ ሄንደርሰን! ኬትስ? ካርማክ በ1900 ጥሏት ሌላ አገባ። ወደ ዘመዶቿ ተመልሳ በ1920 ሞተች። የካናዳ የማዕድን ሰዎች የክብር መዝገብ ወንዶቹን በ1999 ሲያስገባ እሷን እስከ 2019 አስጠበቃት።

አራት ኪሎ፦ ኬት ደግሞ ምን አገኘች? ያን ቀን ጅረቱ ዳር መኖሯ ራሱ ያከራክራል።

እቴቴ፦ አንተስ ነበርክ?

አራት ኪሎ፦ መዝገቡ ነበር።