ወገቡን ለሚያመው ሰው የሚስማማ ስኖሞቢል፦ ምን ዓይነት፣ እንዴትስ ይስተካከል?

ጥያቄ (ከሴንት ፖል)

ሰላም ወገኖች። በሰሜን ሚኒሶታ መንገዶች የሚነዳ ያገለገለ ስኖሞቢል (በበረዶ ላይ የሚሄድ ባለ ሞተር ማሽን) እየተፈለገ ነው። የሚነዳው ሰው 85 ኪሎ ይመዝናል፤ የወገብ ዲስክ ችግር አለበት። ሐኪሙ መንዳት አልከለከለውም፣ ጉብታ ላይ መንጠር ግን አይሆንም ብሎታል። ሻጩ «መቀመጫው ሶፋ ነው» ይላል። በዚህ መተማመን ይቻላል?

መልስ (ከዱሉዝ)

ወንድሜ፣ መቀመጫውን መጨረሻ ላይ እየው። ለስላሳ ስፖንጅ ቆሞ ሲሞከር ደስ ይላል፤ ትልቅ ጉብታ ሲመጣ ግን እስከ ታች ይጨመቅና ምቱ አከርካሪ ላይ ያርፋል። ወገብን የሚያድኑት ትራኩ (ከሥር የሚሽከረከረው የጎማ ሰንሰለት) ውስጥ ያሉት አሞርዛተርና ሞላ ናቸው፤ ከእነሱም በፊት አቀማመጥ።

ከፈረንጆች 2003 ሞዴል በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ማሽኖች ነጂውን ወደ ኋላ አድርገው፣ እግሩን ወደ ፊት አዘርግተው ያስቀምጡታል። እንዲህ የተቀመጠ ሰው ጉብታ እያየ ብድግ ማለት ይቸግረዋል። በ2003 ስኪ-ዱ (የስኖሞቢል ብራንድ ነው) «ሬቭ» የተባለውን ቅርጽ አምጥቶ ነጂውን ወደ ፊት አስጠጋው፤ ሌሎቹም በየጊዜያቸው ተከተሉ። ሲገዛ እንዲህ ይሞክረው፦ ተቀምጦ፣ መሪውን ሳይጎትት፣ በእግሩ ጉልበት ብቻ ይነሳ። ካቃተው ማሽኑን ይተወው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ። ሲቀመጥም ዳሌው ከጉልበቱ ዝቅ እንዳይል።

ቆሞ መሪውን ሲይዝ የሚያጎነብስ ከሆነ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚያስረዝም ማስቀጠያ ይገጠማል። ከተገጠመ በኋላ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ዳር አዙሮ የፍሬን ቱቦውና የነዳጅ መስጫው ካቦ እንዳልተወጠሩ ማየት ግዴታ ነው። የተወጠረ ካቦ በመታጠፊያ ላይ ሳይነካ ነዳጅ ይሰጣል።

ስለ ትራክ ርዝመት፦ 121 ኢንች ጠባብ መታጠፊያ ላይ ቀልጣፋ ነው፤ ነገር ግን በተከታታይ ጉብታዎች መሃል እየገባ ይወጣል። 137 ከአንዱ ጉብታ አናት ወደ ሌላው ስለሚሻገር ለታመመ ወገብ የምመርጠው እሱን ነው። 129 ካገኘም አይከፋም። 146 እና ከዚያ በላይ ከመንገድ ወጥቶ ጥልቅ በረዶ ለሚገባ ነው። የትራኩ ጥርስ ከ1 እስከ 1.25 ኢንች ይበቃል።

መልስ (ከሴንት ክላውድ)

የወንድማችን ምክር ልክ ነው፤ የሞላውን ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው እንዲመቸው ብሎ ሞላውን ያላላዋል። ለወገብ ግን ይህ የባሰ ነው፦ አሞርዛተሩ ጉዞውን ቶሎ ይጨርስና ብረት ከብረት ይማታል።

ልኩ እንዲህ ይወሰዳል። የኋላውን መከላከያ ሌላ ሰው ወደ ላይ ይያዘው፤ የኋላው ሞላ ሙሉ ለሙሉ ሲዘረጋ ከመሬት እስከ መከላከያው ይለካ። ከዚያ ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይቀመጥና እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ከ5 እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው (የማሽኑ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱ ይበልጣል)። ከዚያ በላይ ከሰመጠ የሞላውን ማስተካከያ በአንድ ደረጃ ማጥበቅ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል። ካነሰ ማላላት።

ያገለገለ ማሽን ላይ አሞርዛተሩን ሳታይ ገንዘብ አትክፈል። ዘንጉ ላይ ዘይት ካለ ዘይቱን የሚይዘው የውስጥ ጎማ አልቋል። ኋላውን ወደ ታች ተጭነህ ስትለቀው ቀስ ብሎ መመለስ አለበት፤ እንደ ኳስ ከነጠረ አሞርዛተሩ ሞቷል፣ የቀረው ሞላው ብቻ ነው። ትራኩ ውስጥ ሁለት ዋና አሞርዛተሮች አሉ፤ ጉብታን ቀድሞ የሚቀበለው የፊተኛው ስለሆነ እሱን አትርሳው። ክንዶቹ የሚዞሩባቸው ቦኮላዎች ግሪስ ካጡ ይደርቃሉ፤ ያኔ ጥሩ አሞርዛተር እንኳ ዋጋ የለውም። በየ500 ማይሉ ግሪስ ይሰጣቸው።

ጥያቄ (ከሴንት ፖል)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ 4 ስትሮክ ሞተር ያለው ስኖሞቢል ከባድ ነው ይላሉ፤ ይሻላል?

መልስ (ከዱሉዝ)

በተደለደለ መንገድ ላይ ክብደቱ ይረዳል፤ ትንንሹን ጉብታ ተጭኖ ያልፋል። ችግሩ ሲሰጥም ነው። ማሽኖቹ ከ200 ኪሎ በላይ ናቸው፣ ለሁለት ሰው የተሠሩት ቱሪንግ ዓይነቶች ደግሞ 300 ይጠጋሉ፤ የኋላውን መከላከያ አንስቶ ለማውጣት መታገል ከሙሉ ቀን ጉዞ የባሰ ወገብ ይጎዳል። ስለዚህ ከጥልቅ በረዶ ይራቅ፣ ብቻውንም አይውጣ። ከሰጠመ ከትራኩና ከበረዶ መንሸራተቻዎቹ ፊት ያለው በረዶ በአካፋ ይነሳ፣ መውጫው በእግር ይረገጥ፤ ገመዱን ጓደኞቹ ይጎትቱ፣ እሱ ነዳጅ ብቻ ይስጥ።

ሁለት ነገር ግን አይደራደርባቸው፦ በሞተሪኖ የሚነሳና የኋላ ማርሽ ያለው ይሁን። በገመድ እየጎተቱ ማስነሳት ወገብን ይጠመዝዛል፤ የኋላ ማርሽ ከሌለ ደግሞ በጠባብ ቦታ ማሽኑን በእጅ እያነሱ ማዞር ይመጣል። ያማሃ ካገኛችሁ፣ ኩባንያው በሰሜን አሜሪካ በ2025 ሞዴል ስኖሞቢል መሥራቱን እንዳበቃ እወቁ፤ ዋጋው ሲደራደሩበት ይህ ይታሰብ።

መልስ (ከሴንት ክላውድ)

ሰዓቱም ይመረጥ። መንገዱን የሚደለድለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ማታ ይሠራል፤ በረዶው ሌሊቱን ይጠነክራል። ጠዋት እንደ አስፋልት የነበረው መንገድ ቅዳሜ ከሰዓት በጉብታ ይሞላል። በሥራ ቀን ጠዋት ይውጣ። በብርድ የአሞርዛተር ዘይት ስለሚወፍር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ማይሎች በዝግታ ይንዳ። የሚኒሶታ ነዋሪ ሆኖ በፈረንጆች ከ1976 በኋላ የተወለደ ከሆነም ከመንዳቱ በፊት የደኅንነት ትምህርቱን የምስክር ወረቀት ማውጣት አለበት።