እናትም አባትም ዳለቻ ሆነው ቦራ ግልገል ይወለዳል?

ጥያቄ፣ ከደሴ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለእህቴ ልጆች ማታ ማታ ተረት እፈጥራለሁ። የፈጠርኩት እንስሳ ስሙ «ጎፍሌ» ነው። አምባ ፋሪት ተራራ ላይ፣ ብርዱ ውስጥ ይኖራል። ጸጉሩ ድፍን ዳለቻ ነው። አንዳንዱ ግን ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ጨረቃ አለው። ትናንት ከሁለት ዳለቻዎች ቦራ ግልገል አስወለድኩ። ትልቋ ልጅ «እንግዲያው የነሱ ልጅ አይደለም» ብላ አለቀሰች። ተአምር ሳልጨምር እንዴት ላስረዳት?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
የነሱ ልጅ ነው በያት። እያንዳንዱ ጎፍሌ ለግንባሩ መልክ ሁለት ዘረመል ይይዛል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። የዳለቻው ገዢ፣ የቦራው ድብቅ ይሁን፤ ገዢው አንድ ብቻውን ቢኖርም ይታያል፣ ድብቁ ግን የሚታየው ሁለቱም ድብቅ ሲሆኑ ነው። ሁለቱም ወላጆች ድብቁን ከያዙ በአማካይ ከ4 ግልገል 1 ቦራ ይሆናል። የዘር ውርስን ያጠናው መነኩሴ ሜንዴል ሐምራዊና ነጭ አበባ ያለው አተር አዳቅሎ በሁለተኛው ትውልድ 705 ሐምራዊ፣ 224 ነጭ አግኝቷል፤ ይህም ከ4 አንድ ያህል ነጭ ነው።
ለልጅቷ ሁለት ስኒ አምጪ። በየስኒው አንድ ቀይ፣ አንድ ነጭ ቦሎቄ ጨምሪ። ዓይኗን ጨፍና ከየስኒው አንድ አንድ ታውጣ። ሁለቱም ነጭ ከሆኑ ቦራ ተወለደ።

መልስ፣ ከለጋምቦ
ልጄ፣ እኛ ዘንድ ይህ አዲስ አይደለም። ከነጭ አውራና ከነጭ እናት በግ ጥቁር ግልገል ሲወለድ አይቻለሁ። ጎረቤት «የሌላ አውራ ነው» አለ። በጊቱ ግን ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ዘር ከልጓም ይስባል! አንድ አውራ መንጋው ውስጥ ብዙ ዓመት ከቆየ ከገዛ ልጆቹ ይዋለዳል። ያኔ የተደበቀው ቶሎ ቶሎ ብቅ ይላል።

መልስ፣ ከወልዲያ
ልክ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ነጭ ሁልጊዜ ድብቅ አይደለም። የሄርፎርድ ከብት ነጭ ፊት ገዢ ነው፤ ከአንድ ወላጅ መውረስ ይበቃል። አንቺ ድብቁን ከመረጥሽ መሃል ላይ አትቀይሪው።
ለምን ግንባር ላይ? ቀለም ሰሪ ሴሎች ጽንሱ ውስጥ ከጀርባ በኩል ተነስተው ወደ ሆድ፣ ወደ እግርና ወደ ግንባር ይጓዛሉ። ሳይደርሱበት የቀረ ቦታ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ጨረቃዋ የአንዱ ሰፊ፣ የአንዱ ቀጭን ትሁን።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። አባባ፣ የእርስዎን የበግ ታሪክ ስነግራት እንባዋን ጠረገች። ቦሎቄውን 12 ጊዜ አወጣች፤ 4 ጊዜ ነጭ ከነጭ ወጣ። በእናቱም በአባቱም ወገን ቦራ አያት ጨምሬያለሁ። ቦራና ዳለቻ ቢጋቡስ?

ከኮምቦልቻ
ዳለቻው ድብቁን ከያዘ ግማሽ በግማሽ ነው። ካልያዘ ሁሉም ዳለቻ ይወለዳሉ፣ ድብቁን ግን ይዘው። ሁለት ቦራዎች ከተጋቡ ሁሉም ቦራ ነው፤ እዚያ ዳለቻ እንዳይገባብሽ።