ተወዳዳሪ ይክፈል ወይስ አይክፈል? የትናንሽ የግጥም መጽሔቶች ውድድር ላይ የተነሳ ክርክር

ስንኝ ቆጣሪ፦ ጥያቄው ይህ ነው። በሁለትና በሦስት ሰው ጉልበት የምትታተም ነጻ የግጥም መጽሔት ዓመታዊ ውድድር ስታወጣ ከተወዳዳሪዎች የመመዝገቢያ ገንዘብ መቀበል አለባት ወይ? እኔ የለባትም ባይ ነኝ፤ ቢቸግራትም እንኳ። ገንዘቡ የሚመጣው ከማን እንደሆነ እንይ። አንድ ሰው ይሸለማል፣ ሁለት ሦስቱ ምስጋና ይደርሳቸዋል፣ የቀረው መቶ ሁለት መቶ ሰው የአሸናፊውን ሽልማትና የመጽሔቷን የማተሚያ ዕዳ ከፍሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ሎተሪ ነው። እንዲያውም ሎተሪ ይሻላል፤ ሎተሪ ቆርጦ ያልወጣለትን ሰው «ቁጥርህ ዜማ ይጎድለዋል» የሚለው የለም።

አራተኛ ዕትም፦ ሎተሪዋ ተመችታኛለች፤ የወጋችው ግን እኔን ነው፣ ምክንያቱም ከሚያስከፍሉት አንዱ ነኝ። መጽሔታችን ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። አንደኛችን አርታኢ ነው፤ ሌላኛችን አርታኢም፣ ገጽ አቀናባሪም፣ ፖስታ ቤት ተላላኪም ነው። ሁለታችንም የምንተዳደረው በሌላ ሥራ ነው፤ ግጥም የምናነበው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 500 ግጥም መጣ እንበል። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብንሰጠው 25 ሰዓት ይሆናል። እያንዳንዱ በሁለት ሰው ዓይን ይታይ ካልን 50። ይህ ገና የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው። ከዚያ የዳኛው አበል አለ፣ ሽልማቱ አለ፣ ወረቀትና ማተሚያ ቤት አለ፣ ለታተሙት ገጣሚዎች በነጻ የሚላከው ቅጂ አለ። አሸናፊው ግጥም ከሌላ ሰው የተቀዳ እንዳይሆን ማጣራትም አለ። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንግሊዝ ውስጥ አንድ ውድድር ያሸነፈ ግጥም ጥቂት ቃላት ብቻ የተቀየሩበት የሌላ ገጣሚ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል። አዘጋጆቹ ምን እንደተሰማቸው ሳስበው ያመኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ግጥም የሚልኩልን ሰዎች መጽሔቷን ከሚገዙት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። የሚልኩት ሁሉ አንዳንድ ቅጂ ቢገዙ ኖሮ ውድድር የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም ነበር። ሁሉም መታተም ይፈልጋል፣ መነበብም ይፈልጋል፤ ማንበቡን ግን ለሌላ ሰው ትቶታል።

ቤት ደፊ፦ «ማንበቡን ለሌላ ሰው ትቶታል»። አሁን ይህቺን ስላነበብኩ ስንት ልክፈል?

ስንኝ ቆጣሪ፦ አራተኛ፣ ኑዛዜህ እኮ ለእኔ ነው የመሰከረልኝ። በሽታህ የአንባቢ እጦት ነው፤ መድኃኒቱን ግን ከጸሐፊው ኪስ ትፈልጋለህ። ሃሪየት ሞንሮ በ1912 ቺካጎ ላይ «ፖኤትሪ» የተባለችውን መጽሔት ስትጀምር እጇን የዘረጋችው ወደ ገጣሚዎች አልነበረም። የከተማዋን ባለሀብቶች እየዞረች አንኳኳች፤ መቶ ያህሉን በየዓመቱ 50 ዶላር ለአምስት ዓመት እንዲሰጡ ቃል አስገባቻቸው። ከመነሻዋም ለገጣሚ የምትከፍል መጽሔት ነበረች። ይኸው ዛሬም ትታተማለች።

አራተኛ ዕትም፦ መቶ ባለሀብት! እኔ አንድ ብቻ ፈልጌ ሁለት ዓመት ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ አንድ ድርጅት እሺ አለን። ከዚያ የሥራ አስኪያጁ ግጥም በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚወጣ ጠየቁን። ግጥሙን አነበብነው፤ ገንዘቡ ይቅር አልን። ተወዳዳሪ የሚከፍለኝ ሳንቲም ቢያንስ ገጽ አይመርጥም።

ወርቅ ፈላጊ፦ ያቺ መጽሔት ከተነሳች አይቀር የሩት ሊሊ ነገር አይዘለል። የመድኃኒት ኩባንያ ወራሽ ናት፤ በ2002 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ሀብት ለመጽሔቷ ሰጠች። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት ግጥም ትልክላቸው ነበር፤ አንዱንም አላተሙላትም። መልሳቸው ግን ጨዋ ነበር ይባላል። ስለዚህ አራተኛ፣ «አልተመረጠም» ብለህ ስትጽፍ ብዕርህን ለስለስ አድርገው፤ ማን እንደሆነች አታውቅም።

ቀልዱን ልተወውና፣ እኔ መሀል ላይ ነኝ። ሰው ከፍሎ ፍርድ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ስንኝ ቆጣሪ ልክ ነው። ከፍሎ የውድድሩን ዕትም የሚቀበል ከሆነ ግን መጽሔት ገዛ ማለት ነው፤ ውድድሩ ምርቃት ይሆናል። አራተኛም የሚያለቅስላቸውን አንባቢዎች ያገኛል።

አራተኛ ዕትም፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን 200 ሰው ቢመዘገብ 200 ቅጂ ተጨማሪ ማተምና መላክ ነው፤ የፖስታው ብቻ የገባውን ይበላዋል። በፒዲኤፍ ይሁን ካላችሁኝ እሺ።

ቤት ደፊ፦ ፒዲኤፍ የሚያነብ ገጣሚ ካገኘህ እሱን ሸልመው።

የቀድሞ ዳኛ፦ ልጆች፣ ስለ ገንዘቡ ስትጨቃጨቁ ገንዘቡ የሚገዛውን ነገር ረሳችሁት። በውድድር ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዳኛው ስም ነው። ሰው የሚከፍለው «እሱ ያነብልኛል» ብሎ ነው። እኔ ለተለያዩ ውድድሮች ዳኛ ሆኜ አውቃለሁ። በመቶዎች ከሚቆጠሩት ውስጥ እጄ የሚገባው ሃያ፣ ቢበዛ ሠላሳ ነው። የቀረውን አንብበው የጣሉት ስማቸው የትም ያልተጻፈ ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ በነጻ ነው የሚሠሩት።

አንድ ጊዜ የተጣለውን ክምር አምጡልኝ አልኩ። አዘጋጁ ቅር እያለው ሰጠኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ አገላበጥኩት፤ የመጨረሻው ዙር ላይ የማስቀምጣቸው ሁለት ግጥሞች አገኘሁ። አንደኛው አጀማመሩ ደካማ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች ማንም የሚላቸው ናቸው፤ አምስተኛው ላይ ግጥሙ ነቅቶ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ አያስቀምጥም። ማጣሪያ አንባቢው አምስተኛው ላይ አልደረሰም። አራተኛ ሦስት ደቂቃ ብሎ አስልቷል። በሌሊት፣ በደከመ ዓይን፣ ስንቱ ግጥም ሦስት ደቂቃ ያገኛል? አልወቅሰውም፤ ሒሳቡን ግን እንደዚያ አትመኑት።

ሌላው የምትመኩበት ነገር ደግሞ «ስም ተሸፍኖ ነው የሚዳኘው» የሚለው ነው። ስሙ ይሸፈናል፤ ድምፁ አይሸፈንም። አንድ ውድድር ላይ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ግጥሙ የማን እንደሆነ አወቅኩት። ያስተማርኩት ልጅ ነው። ሐሳቡን መስመሩ መጨረሻ ላይ ሰብሮ ወደ ታች የሚያሻግርበት መንገድ ከእኔ የወሰደው ነበር። ያኔ «ይህን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው ይየው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሦስተኛ ደረጃ ሰጠሁት፤ ለራሴም «አንደኛ አላደረግኩትም» እያልኩ ተጽናናሁ።

ቤት ደፊ፦ ጋሼ፣ በዚህ ላይ የምቀልደው የለኝም።

ስንኝ ቆጣሪ፦ ጋሼ፣ ስለተናገሩት አመሰግናለሁ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ወዳጅነት በነጻ ውድድር ላይ ሐሜት ነው፣ በክፍያ ውድድር ላይ ግን የሰው ገንዘብ ነው። በ2004 አሜሪካ ውስጥ አንድ ድረ ገጽ ተከፍቶ «የግጥም ውድድር ዳኞች ተማሪዎቻቸውንና ወዳጆቻቸውን ይሸልማሉ» እያለ የዳኛና የአሸናፊ ዝምድና መዘርዘር ጀመረ። አነጋገሩ አንዳንዴ ጭካኔ ነበረበት። ሰው ያንን ያህል የተቆጣው ግን ስለ ውበት አልነበረም፤ ከፍሎ ስለነበረ ነው። ከዚያ በኋላ የአነስተኛ መጽሔቶችና አሳታሚዎች ማኅበራቸው የውድድር ሥነ ምግባር ደንብ አወጣ፦ የጥቅም ግጭት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ በግልጽ ጻፉ፣ የአመራረጡን ሂደት ለሕዝብ አሳውቁ የሚል። ያውም በደንቡ የሚገደደው በፈቃዱ የተቀበለው ብቻ ነው።

ወርቅ ፈላጊ፦ የጥንት አቴናውያን የዚህ ዘዴ ነበራቸው። በወይን አምላካቸው በዲዮኒሶስ በዓል የተውኔት ውድድር ላይ አሥር ዳኞች በዕጣ ይወጣሉ፤ አሥሩም ፍርዳቸውን ጽፈው ማሰሮ ውስጥ ይከታሉ፤ ከማሰሮው የሚወጣው ግን አምስቱ ብቻ ነው። ጉቦ ልስጥ ያለ ሰው የገዛው ፍርድ ከማሰሮው ይውጣ ስሩ ይቅር አያውቅም። ስንኝ ቆጣሪ ሎተሪ ብሎ ሲሳደብ እነሱ ሎተሪውን ዳኞቹ ላይ አድርገውታል።

አራተኛ ዕትም፦ አሥር ዳኛ የሚቀልብ አቴናዊ ካለ አገናኙኝ። ግን ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቅ። ድምፅ ካልተሸፈነ ስሙን መሸፈኑ ምን ይጠቅማል? ግልጹን ብናደርገውስ?

የቀድሞ ዳኛ፦ እሱማ ይብሳል። በ2015 አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ይወጣ በነበረው የምርጥ ግጥሞች መድበል ላይ የሆነውን አስታውስ። አንድ ነጭ ገጣሚ ግጥሙን በራሱ ስም 40 ጊዜ ልኮ ተመልሶበታል። በቻይናዊ ስም መላክ ጀመረ፤ ዘጠኝ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ አንድ መጽሔት ተቀበለው፤ ከዚያ መድበሉ ውስጥ ገባ። መራጩ እውነቱ ሲነገረው ስሙ ግጥሙን ይበልጥ በትኩረት እንዲያነብ እንዳደረገው አልካደም፤ ግጥሙንም ከመድበሉ ሳያስወጣው ቀረ። በቁጣው ላይ አልገባም፣ ብዙዎች በተገቢው ተቆጥተዋል። እኔ የምለው፣ ስም ከፊትህ ካለ መጀመሪያ የምታነበው እሱን ነው። መሸፈኑ ሁሉንም አይከላከልም፤ የማያውቀኝን ወጣት ግን ከእኔ ስንፍና ይከላከለዋል። የሚያውቀኝን የሚከላከለው እኔ እጄን ሳነሳ ብቻ ነው።

ከዝርዝሩ ውጪ፦ እኔ ከከፋዮቹ ወገን ነኝ። እስካሁን ከተናገራችሁት ውስጥ ደጋግሞ ከፍሎ የተሸነፈ ያለ አልመሰለኝም። አሥራ አንድ ጊዜ ከፍያለሁ። አንዴ ተሸልሜያለሁ፤ ከሁሉም የከፋኝ ደግሞ የተሸለምኩበት ነው።

ስሟን የማልጠራት አንዲት መጽሔት ሁለተኛ ደረጃ ሰጠችኝ። ውጤቱ ታወጀ፣ የማውቀው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ሽልማቱ አልመጣም። ጻፍኩላቸው፤ «የተመዘገበው ሰው ከጠበቅነው አንሷል፣ ትንሽ ታገሺን» አሉኝ። ታገስኩ። ቀጥሎ መጽሔቷ ራሷ ጠፋች። ግጥሜ አንድ ጊዜ ታትሟል፤ ስለዚህ ሌላ ውድድር ላይ አላስገባውም፣ ሁሉም «ያልታተመ» ይላሉ። በሌለ መጽሔት ላይ የታተመ፣ ባልተከፈለ ሽልማት የተሸለመ ግጥም አለኝ።

እኔን ክፍያው አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ሰው የሌለውን ገንዘብ ሽልማት ብሎ ማወጁ ነው። የምመዘገብበት ገንዘብ ራሱ ሽልማቱ ከሆነ፣ ውድድሩን የሚያዘጋጁት እነሱ አይደሉም፣ እኛ ነን። ሽልማቱ ከማስታወቂያው ቀን በፊት ተለይቶ ይቀመጥ። አንድ ሰው ቢመዘገብም ይከፈል። ይህን ያደረገ አስከፍሎኝ ቢያሸንፈኝ ቅር አይለኝም።

ስንኝ ቆጣሪ፦ እህቴ፣ ይሄ ታሪክ ክፍያውን የሚያስጠላ መስሎኝ ነበር፤ አንቺ ይባስ ደገፍሽው።

ከዝርዝሩ ውጪ፦ አልደገፍኩትም። አንተ በር ላይ ቆመህ ስለ መግቢያው ትከራከራለህ፤ እኔ ውስጥ ገብቼ ያየሁትን ነው የምነግርህ።

አራተኛ ዕትም፦ ይሄን አልክድም። እኛም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሽልማቱን ከመመዝገቢያው እንከፍለዋለን ብለን ነው የጀመርነው። ሞላልን። ባይሞላ ምን እናደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላሰብኩትም።

ነጻ ይሁን ለምትሉኝ ግን ይህን ስሙ። ነጻ ባደረግነው ዓመት አንድ ሰው ብቻውን የአንድ መድበል ያህል ግጥም ላከ። ርዕስ የሌላቸው ነበሩ። አንዳንዱ ውስጥ የሌላ ውድድር ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። ክፍያ ሰውን «የትኛው ግጥሜ ይሻላል?» ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ስንኝ ቆጣሪ፦ «ከሦስት ግጥም በላይ አንቀበልም» የሚል አንድ መስመርም እንደዚያው ያደርገዋል፤ በነጻ።

አራተኛ ዕትም፦ …እሺ፣ እሷን ወስደሃል። መክፈል ለማይችሉም በር ከፍተን ነበር። «ምክንያት አንጠይቅም፣ ጻፉልን ብቻ» አልን። የጻፉልን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ክፍያው ያን ያህል ሰው አላገደም ብዬ አስባለሁ።

ከዝርዝሩ ውጪ፦ ለማን ነበር የሚጽፉት?

አራተኛ ዕትም፦ ለእኔ።

ከዝርዝሩ ውጪ፦ ግጥሙን ለምታጣራው ለአንተ! እኔ ብሆን አልጽፍልህም ነበር። ገንዘብ እንደሌለኝ በዚህ ኢሜይል፣ ግጥሜን ደግሞ በዚያ ኢሜይል ለአንድ ሰው አልልክም። ስሜን ሸፈንክልኝ፣ ኪሴን ገለጥከው።

አራተኛ ዕትም፦ እውነትሽን ነው። ለሌላ ሰው ይጻፉ እንዳልል፣ ያለነው ሁለት ነን።

ወርቅ ፈላጊ፦ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ከፍያለሁ» እና «ክፍያ ይቅርልኝ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አድርግ። ማንም ለማንም አይጽፍ። ዝርዝሩን የምትከፍተው ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ስንኝ ቆጣሪ፦ ያኔ ሁሉም ሁለተኛውን ይመርጣላ!

ወርቅ ፈላጊ፦ ገጣሚን እንደዚህ ነው የምታውቀው?

ቤት ደፊ፦ እኔን እንደዚያ ነው የሚያውቀኝ።

አራተኛ ዕትም፦ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ገና አላወጣሁትም። ሦስት ግጥም ብቻ የሚለውን፣ ሁለቱን ሳጥኖች፣ ሽልማቱ አስቀድሞ መቀመጡን አስገባለሁ። የማጣሪያ አንባቢዎቹን ስምም እጽፋለሁ፤ ሁለታችን ነን ብዬ። ክፍያውን አላነሳውም፤ ስንኝ ቆጣሪ ይቀየመኝ። ዳኛው «ይህን ገጣሚ አውቀዋለሁ» ካለ ግጥሙ ለማን እንደሚሰጥ ግን አልቆረጠልኝም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ያ ሦስተኛ የወጣው ተማሪዎ እንዳወቁት ያውቃል?

የቀድሞ ዳኛ፦ አያውቅም። የሽልማቱን ወረቀት ፎቶ አንስቶ የላከው መጀመሪያ ለእኔ ነው።